ጥቁሩ ቀለም ለምን አልለቅም ይላል?

ከትከሻ አልፎ ጀርባ ላይ የተኛ ረጅም ፀጉር ጫፉን በጣትዎ ይያዙት። የሰው ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የያዙት ጫፍ ከቆዳው የወጣው የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ነው። ባለፀጉሯ በየስድስት ሳምንቱ ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁር ስትቀባ ከኖረች፣ ያ ጫፍ ከ30 ጊዜ በላይ ቀለም ጠጥቷል፤ ሥሩ አካባቢ ያለው ግን ገና አንድ ጊዜ። ፀጉር ቤት ገብታ «ይህን ጥቁር አስለቅቁልኝ» ስትል፣ ፀጉር ሠሪዋ የሚጠብቃት አንድ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ክር ላይ እድሜያቸውም ጉዳታቸውም የተለያየ ብዙ ፀጉሮች ተቀጣጥለዋል።

እናቴ ሽበቷን በጥቁር ስትሸፍን ዓመታት ካሳለፈች በኋላ አንድ ቀን ታከታት። ፈካ ያለ ቡናማ ገዝታ በጥቁሩ ላይ ተቀባች። ሥሩ ላይ ብቅ ያለው ሽበት ደማቅ ቡናማ ሆነ፤ የቀረው ጥቁር እንደነበረ ጥቁር። ቀለሙ የተበላሸ መስሏት ሌላ ገዛች፤ ያው ሆነ። ቀለም ቀለምን አያነሳም። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቧም ፀጉሯም በተረፈ ነበር።

የፀጉር ውጫዊ ቅርፊት እንደ ጎጆ ክዳን ሣር ተደራርቦ የተነጠፈ ነው። ከሥሩ ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲን የተገመደበት ወፍራም ክፍል አለ፤ ተፈጥሯዊው ቀለም፣ ሜላኒን፣ የሚገኘውም እዚያ ነው። ቋሚ ቀለም ሲበጠበጥ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፦ በአንድ ወገን እንደ ፓራፌኒሊንዳያሚን ያሉ ቀለም የሌላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች ከአሞኒያ ጋር፣ በሌላ ወገን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። አሞኒያው ቅርፊቱን ያሳብጠዋል፤ ጥቃቅኖቹ ሾልከው ይገባሉ፤ ፐርኦክሳይዱ እርስ በርስ ያጋጥማቸውና ትልቅ፣ ባለቀለም ሞለኪውል ይሆናሉ። እምቡጥ ሳለች በአጥር ክፍተት ገብታ ውስጥ ያበጠች ቅል በገባችበት ቀዳዳ አትወጣም። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ሻምፑ የማያስለቅቀው ስለዚህ ነው።

ኬሚስትሪው የቆየ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን የፓራፌኒሊንዳያሚንን የማቅለም ባሕርይ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1863 ነበር። ፈረንሳዊው ዩጂን ሹለር በ1907 ለፓሪስ ፀጉር ቤቶች የሚሸጥ ቀለም ሠራ፤ በ1909 የመሠረተው ድርጅትም ዛሬ ሎሪያል የምንለው ነው።

እንግዲህ ቅሏን ለማውጣት አንዱ መንገድ እዚያው ውስጥ መሰባበር ነው። ቀለም አስለቃቂ ተብለው የሚሸጡት ድኝ ያለባቸው ውህዶች የሚሠሩት ይህንን ነው። ፐርኦክሳይዱ ያጋጠመውን ትስስር ይፈቱታል፤ ትልቁ ሞለኪውል ይከፋፈላል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ይመጣል። ሜላኒኑን ስለማይነኩት ከሁሉም መንገዶች ፀጉርን አብዝተው የማይጎዱት እነዚህ ናቸው።

ብዙ ሴቶችን የሚያሳዝነው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ፀጉሩ ሲነጣ አይታ ደስ ብሏት ትተኛለች፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን መስታወት ፊት ስትቆም ጥቁሩ ተመልሷል። ስብርባሪው ታጥቦ ካልወጣ የአየሩ ኦክሲጅን መልሶ ያገጣጥመዋል። የጂንስ ክር ከኢንዲጎ በርሜል ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አየር ሲነካው ሰማያዊ የሚሆነውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ከጠርሙሱ ይልቅ በውኃው ነው፦ ብዙ ውኃ፣ ለብ ያለ፣ እጅ እስኪዝል ድረስ። የውኃ ተራ በሚጠበቅበት ሰፈር ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ውኃ በሌለበት ቀን ግን ባይጀመር ይሻላል። በዚያው ሰሞን ፐርኦክሳይድ ያለበት ቀለም መቀባትም የቀረውን ስብርባሪ ሁሉ መልሶ ማጋጠም ነው።

ታጥቦ ሲያበቃ የሚታየው ብርቱካናማ ቀለም ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። አስለቃቂው ያመጣው አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቀባ ፐርኦክሳይዱ ሜላኒኑንም ቀስ በቀስ እያነጣው ኖሯል፤ ጥቁሩ ሸፍኖት ስለነበር ነው ያላየነው። የቀድሞው የተፈጥሮ ጥቁር ከሥር ተቀምጦ አይጠብቀንም።

ሌላው መንገድ ብሊች ነው፤ ፐርሰልፌት የተባለ ጨው ከፐርኦክሳይድ ጋር። ይህ ሳይመርጥ ነው የሚሠራው፦ የተቀባውንም፣ የተፈጥሮውንም ያቃጥላል፤ ኬራቲኑን አጥብቀው የያዙትን የድኝ ትስስሮችም ይቆርጣል። ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው ስስ የቅባት ሽፋን ይገፈፋል፤ ፀጉሩ ሲርስ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበራል። የራስ ቆዳ ሙቀት ሥራውን ስለሚያፋጥነውና ሥሩ ላይ ያለው ቀለም ጥቂት ስለሆነ፣ ከሥር እስከ ጫፍ በአንዴ የተቀባ ብሊች ሥሩን ብጫማ አድርጎ ጫፉን ጥቁር ይተወዋል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከጫፍ ጀምሮ ሥሩን መጨረሻ ላይ የሚነካው ለዚህ ነው። አንድ ቀንም አይበቃም።

ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ላይ ብሊች መጨመርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሪላክሰር የሚያስተኛው እነዚያኑ የድኝ ትስስሮች በማፍረስ ነው፤ ሁለት ጊዜ የፈረሰ ምሰሶ ቤት አይሸከምም። ፒያስትራ ሲጨመርበትማ ፀጉሩ በእጅ ይቀራል።

ብሊች ሲባል በረኪና የሚመስላቸውም አሉ። በረኪና ፀጉርን አሟሙቶ ይጨርሳል፤ ቆዳና ዓይንንም ያቃጥላል። በምንም መጠን፣ በምንም ያህል ውኃ ቀጥኖ ቢሆን ፀጉር ላይ አይደረግም።

ሂና የራሱ ጠባይ አለው። ላውሶን የሚባለው ቀለሙ ከኬራቲኑ ጋር ራሱ ስለሚጣበቅ አስለቃቂው አይፈታውም። የሚያስፈራው ግን የብረት ጨው የተቀላቀለበት ዱቄት ነው፤ ፐርኦክሳይድ ሲያገኘው ሊግልና ሊጨስ ይችላል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የማይታመን ከሆነ፣ ከማበጠሪያ ላይ ጥቂት ፀጉር ለቅሞ በብርጭቆ ውስጥ ፐርኦክሳይድና ጥቂት ጠብታ አሞኒያ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማየት ነው። ከሞቀ፣ አረፋ ከደፈቀ ወይም ቀለሙ ድንገት ከተለወጠ፣ ራስ ላይ መሞከር የለበትም።

እናቴ በመጨረሻ ምንም አልተቀባችም። በየሁለት ወሩ ጫፉን ትከረከማለች፤ በመሃል ቤት ስትውል ሹሩባ ትሠራለች፣ ሽበቱና ጥቁሩ አብረው ሲጎነጎኑ ድንበራቸው አይታይም። ባለፈው ሳምንት ስለካው የቀረው ጥቁር አራት ጣት ነበር።