ተጨማሪ መረጃ፦ ከመጠን ያለፈ ውኃና የሯጮች ደም

በደም ውስጥ የሟሙ ቅንጣቶች የክምችት መጠን ኦስሞላሊቲ የሚባል ሲሆን፣ በዋናነት የሚወስነውም ሶዲየም፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ኤሌክትሪካዊ ሙል የሚይዝ ኤሌክትሮላይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከሮጡት የ488ቱን ደም የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ 13 በመቶ የሚሆኑት የሶዲየም መጠናቸው በሊትር 135 ሚሊሞልና ከዚያ በታች ወርዶ ሃይፖናትሬሚያ፣ ማለትም የደም ሶዲየም ማነስ እንደገጠማቸው አረጋገጡ። ችግሩ ይበልጥ የታየው ብዙ ፈሳሽ በመጠጣታቸው በሩጫው ወቅት ክብደት በጨመሩት ላይ ነበር። ደም ሲቀጥን ውኃ በኦስሞሲስ፣ ማለትም የሟሙ ቅንጣቶች ክምችት ካነሰበት ወደ በዛበት በሕዋስ ሽፋን በኩል በማለፍ፣ ወደ አንጎል ሕዋሳት ገብቶ ስለሚያሳብጣቸው፣ ራስ ምታትና መደናገር፣ ሲከፋም ሞት ሊያስከትል ይችላል።

ተማሪዎች፣ ኦስሞሲስን በተግባር ለማየት እኩል የድንች ቁራጮችን በንጹሕ ውኃና ብዙ ጨው በሟሟበት ውኃ ለየብቻ ዘፍዝፋችሁ፣ የትኛው እንደጠነከረና የትኛው እንደለሰለሰ አስተውሉ፤ ምክንያቱንም አስረዱ።