ንጹሕ ሰው ከተፈረደበት በኋላ

ከእጅ ወደ እጅ እየተዋዋስን የምናነባቸው የወንጀል ልብ ወለዶች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ሰውየው ባልሠራው ወንጀል ይፈረድበታል፤ ከእስር ቤት ያመልጣል ወይም ዘመኑን ጨርሶ ይወጣል፤ ከዚያም እውነተኛውን ገዳይ ፍለጋ ይዞራል። በመጨረሻው ምዕራፍ ገዳዩ ያምናል፤ ፍርዱ ይሻራል፤ መጽሐፉም ያልቃል። ጊዜ ማባከኛ ናቸው እያሉ የሚንቋቸው ጓደኞች አሉን። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ስላስነሡብን አንንቃቸውም፤ ይኸውም ያ የመጨረሻው ምዕራፍ በአገራችን ሕግ ሊጻፍ ይችላልን? የሚል ነው።

ጥፋተኛን ከንጹሕ የመለየት ችግር ለኛ አዲስ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻይ ያስመጣ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቅና፥ ሲሮጥ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ልማድ ኋላ ተከልክሎ ቀርቷል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ደግሞ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ፥ ወንጀለኛው ሳይታወቅ እንዳይበተን የሚደረግበት ሸንጎ ነበር። ጠቋሚው ማንነቱ እንዳይገለጥ «ወፍ» ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ፖሊስ በማይደርስበት አገር ሰው የሚያውቀው ምስጢር ይወጣል። ጉዳቱም እንደዚሁ ግልጽ ነው፤ ወፏን መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቃት የለም። ቂመኛ ጎረቤት ወፍ ከሆነ ንጹሑ በምን ይከላከላል?

ዘመናዊው ሕግ ምስክርን ፊት ለፊት መጠየቅንና ይግባኝን በግልጽ አሰፈረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ደነገገ። ዳሩ ግን ከፍርዱ በኋላስ?

ነገሩ እንዲገለጽ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ከደሴ አጠገብ ባለችው በኩታበር የሚኖር ገበሬ ጎረቤቱን በሌሊት ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ እንበል። ሁለት ሰዎች አየነው ብለው መሰከሩ፤ ደሴ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደበት። ሕጉ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን እንዲያስታውቅ፥ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዛል። የይግባኝ ፍርድ ቤት ካስፈለገው ተጨማሪ ማስረጃ ሊሰማ ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ችሎት ግን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ይመረምራል እንጂ፥ ምስክሩ ዋሽቷል አልዋሸም ብሎ እንደገና አይመዝንም።

ይህ ሁሉ አልቆ ሰውየው 6 ዓመት ከታሰረ በኋላ፥ ከምስክሮቹ አንዱ በጠና ታመመና ሽማግሌዎችን ጠርቶ «በድንበር ቂም ነው የመሰከርሁበት፤ ዓይኔ አላየውም» አለ። ሽማግሌዎቹ የሁለቱን ቤት ዘመዶች ያስታርቃሉ፤ ዱአም ይደረጋል። አገሩ ሁሉ እውነቱን ዐወቀ። የእስር ቤቱ በር ግን በሽማግሌ ቃል አይከፈትም። በየትኛው አንቀጽ ይከፈት?

የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 6፥ ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፥ በሐሰት ምስክር ወይም በጉቦ መሰጠቱ ኋላ ቢደረስበት፥ በተወሰነ ሁኔታ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል። ገበሬው የተረታው በመሬት ክርክር ቢሆን ኖሮ በር ነበረው ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ግን፥ ቀርቦ ተከራክሮ ለተፈረደበትና ይግባኙ ላለቀበት ሰው ይህን የመሰለ አንቀጽ አልተጻፈም። ለማሳ የታሰበው ለነፍስ አልታሰበም።

ይቅርታ አለ ይባል ይሆናል። ይቅርታ ከእስር ያስወጣል፤ ነገር ግን ይቅር የሚባለው ያጠፋ ሰው ነው። ያላጠፋው በይቅርታ ሲወጣ ልጆቹ የገዳይ ልጆች እንደተባሉ ይቀራሉ።

በሌላው ዓለምም ስሕተቱ አለ። በእንግሊዝ አገር ቲሞቲ ኤቫንስ የተባለ ሰው ልጁን ገድሏል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ። እዚያው ቤት ይኖር የነበረውና በችሎቱ የመሰከረበት ክሪስቲ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ በ1953 ተገለጠ። ለኤቫንስ በ1966 ምሕረት ተደረገለት፤ ለመቃብሩ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የፔሪ ሜሰንን ልብ ወለዶች የጻፈው ኧርል ስታንሊ ጋርድነር በ1948 አርጎሲ በተባለ መጽሔት የምርመራና የሕግ ዐዋቂዎችን አሰባስቦ ያለ አግባብ የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይ ያስመረምር ጀመር። የምንንቀው ልብ ወለድ ደራሲ በር አንኳኳ።

አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14፥ አዲስ በተገኘ ፍሬ ነገር ፍርዱ ለተሻረለት ሰው ካሣ ይገባል ይላል። መሻሪያው መንገድ በግልጽ ካልተጻፈ ካሣው ከየት ይመጣል?

ክርክር ማብቂያ ይፈልጋል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሕዝባችንም በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ እያለ ፍርድን አክብሮ ኖሯል። ይህ አክብሮት የሚጸናው ግን ፍርድ ስሕተቱን ማረም ሲችል ነው። የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በነጻ የሕግ ድጋፍ ስታገለግሉ እንዲህ ያለውን ታሳሪ ጉዳይ መዝግቡ፤ የጐደለውንም አንቀጽ ጻፉና አከራክሩን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን የሚቀበለው ችሎት መኖር አለበት።