እንጦጦ ላይ ቀስ በሉ

ሽሮ ሜዳ ስለምኖር በማለዳ ወደ እንጦጦ የሚሮጡ ልጆችን ሁሌ አያለሁ። ብዙዎቹ ዳገቱን የሚወጡት ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ነው። «ላይ ከተሠቃየህ ታች ትበራለህ» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው።

3,000 ሜትር አካባቢም የአየሩ የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ እግርም የለመደውን ፍጥነት እምቢ ይላል።

በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሌቪን እና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች 39 ሯጮችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለ4 ሳምንት አሠሩ። 2,500 ሜትር ላይ የኖሩት የሁለቱም ቡድኖች ቀይ የደም ሴል ጨመረ። የ5,000 ሜትር ሰዓቱን ያሻሻለው ግን ላይ እያደረ 1,250 ሜትር ላይ የተለማመደው ብቻ ነበር።

የእኛ ሯጮች ይህን ላብራቶሪ ሳይገቡ ያውቁታል። አብሯቸው ከአንድ ዓመት በላይ የሮጠው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ በዝግታ ይሮጣሉ፤ ለፍጥነት ዝቅ ወዳለው አቃቂ ይወርዳሉ። (አቃቂም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ 1,250ን ከየት እናምጣው!)

ክለብ ያለው በሰርቪስ ይሄዳል። የሰፈሬ ልጅ ግን አቃቂ ደርሶ ለመመለስ የታክሲ ብር ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ነው ሁሉንም ልምምድ እንጦጦ ላይ የሚጨርሰው። ቢያንስ እዚያ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ፤ ፈጣኑን ቀን ታች ከተማ ውስጥ ሜዳ ፈልጉለት። የስልካችሁ አፕ «ፍጥነትህ ወርዷል» ቢል አትደንግጡ፤ እንጦጦ ላይ መውረድ አለበት።