ጭነት የተሸከመ ምሰሶ ምን ያህል ያጥራል? የተወጠረ ብረትስ ምን ያህል ይረዝማል?

ሕንጻም ኾነ ድልድይ ለዓይን አንዳች ሳይነቃነቅ የቆመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጭነት ያረፈበት ምሰሶ በጥቂቱ ያጥራል፤ የተወጠረ የብረት ገመድም በጥቂቱ ይረዝማል። ለውጡ በሚሊ ሜትር የሚለካ ቢኾንም አስቀድሞ ካልተሰላ ወለል ሊዘም፣ ግድግዳ ሊሰነጠቅ፣ በርና መስኮትም አልዘጋ ሊል ይችላል።

የስሌቱ መሠረት የተጣለው በእንግሊዝ ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 የአንድ አካል መለጠጥ ከሚስበው ኃይል ጋር በተመጣጣኝ እንደሚያድግ አስታወቀ። ቶማስ ያንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው ሥራው ቁሶች መለጠጥን የሚቋቋሙበትን ልክ አብራራ፤ ይህ ልክ ዛሬም በስሙ "የያንግ ሞዱለስ" ይባላል።

ስሌቱ አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ ጭነቱን፣ የአካሉን ርዝመት፣ ሲቆረጥ የሚታየውን ገጽ ስፋት እና የቁሱን ሞዱለስ። ጭነቱ በርዝመቱ ይባዛል፤ ውጤቱም ለስፋቱና ለሞዱለሱ ብዜት ይካፈላል። የብረት ሞዱለስ በካሬ ሚሊ ሜትር 200 ሺህ ኒውተን ገደማ ሲኾን የተለመደው ኮንክሪት 30 ሺህ አካባቢ ነው።

ለአብነት 4 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ30 ኪሎ ኒውተን ማለትም 3 ቶን በሚጠጋ ክብደት ቢሳብ፣ የገጹ ስፋት 201 ካሬ ሚሊ ሜትር በመኾኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል።

በምሰሶ ላይ ግን ጭነቱ ከፎቅ ፎቅ ይለያያል። ጎንና ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የኾነ የኮንክሪት ምሰሶ 1 ሺህ 200 ኪሎ ኒውተን ሲሸከም 0 ነጥብ 75 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ይህን በ10 ፎቅ ማባዛት ግን ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ወለል 120 ኪሎ ኒውተን የሚጨምር ከኾነ የላይኛው ምሰሶ የሚሸከመው የታችኛውን አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የየፎቁ ተሰልቶ ሲደመር ጠቅላላው ማጠር 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኾናል።

ኮንክሪት በዚህ አያበቃም። ጭነት ተሸክሞ በቆየ ቁጥር ለዓመታት ቀስ በቀስ ማጠሩን ይቀጥላል፤ ይህም "ክሪፕ" ይባላል። ዋናው ሥጋት ሁሉም ምሰሶዎች እኩል ማጠራቸው ሳይኾን፣ ጎን ለጎን ከቆሙት አንዱ ከሌላው አብልጦ ማጠሩ ነው። ረጃጅም ሕንጻዎች ሲገነቡ ልዩነቱ በየፎቁ የሚታረመውም ስለዚህ ነው።

በባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም ለአገልግሎት የተከፈተው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኬብሎች የተደገፈ ድልድይ ነው። በኬብል በሚሠሩ ግንባታዎች ገመዱ በጃክ ሲወጠር የረዘመበት ልክ ይለካል፤ ከተሰላው ጋርም ይነጻጸራል። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ገመዱ የሆነ ቦታ ተይዟል፣ ተንሸራቷል ወይም የተሳበበት ኃይል ልክ አይደለም ማለት ስለሚኾን ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራው አይቀጥልም።

ስሌቱ ወሰን አለው። ጭነቱ በአካሉ መሐል ለመሐል ሲያልፍ፣ ቁሱም ጭነቱ ሲነሳለት ወደ ቀድሞ ልኩ የሚመለስ ሲኾን ብቻ ይሠራል። ቀጭንና ረጅም ምሰሶ ከማጠሩ ይልቅ መጉበጡ ስለሚያሰጋው ለብቻው ሌላ ስሌት ያስፈልገዋል።