123 ወንበር፣ አንድ ተቃዋሚ

እስቲ አስቡት። ምርጫ ተካሂዷል፣ ድምፅ ተቆጥሯል፣ የተመረጡት ፓርላማ ገብተዋል። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩ ግን ተቃዋሚ ሆኖ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ በ1969 የሆነ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በእንግሊዝ ሥር የነበረው ሰሜንና በጣሊያን ሞግዚትነት የቆየው ደቡብ በ1960 ነፃ ወጥተው ተዋሐዱ። ሕገ መንግሥቱ በ1961 በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ ሰሜኑ ላይ ብዙም ባይወደድም። ጅምሩ መጥፎ አልነበረም። በ1967 ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን ፓርላማው ውስጥ በተደረገ ምርጫ በአብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ ተሸነፉ፤ ሥልጣኑንም በሰላም አስረከቡ። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ይህ ብርቅ ነገር ነበር።

ታዲያ ምን ተበላሸ? አንዱ ምክንያት የወንበር አከፋፈሉ ነው። በየምርጫ ክልሉ ወንበር የሚከፋፈለው ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ነበር። ለምሳሌ አንድ ክልል አምስት ወንበር ካለው፣ ከድምፁ አንድ አምስተኛውን ያገኘ ቡድን አንድ ወንበር ይወስዳል። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ነገር ግን አንድ ጎሳ፣ እንዲያውም የጎሳው ቅርንጫፍ፣ «ከሌላው ጋር ምን አስማማኝ?» ብሎ የራሱን ፓርቲ ማቋቋም ያዋጣዋል። በ1969 ምርጫ ከ60 በላይ ፓርቲዎችና ከ1,000 በላይ እጩዎች ለ123 ወንበር ተፋለሙ።

ገዢው የሶማሌ ወጣቶች ሊግ 73 ወንበር አገኘ። ከዚያ በኋላ ግን የሌሎቹ ፓርቲዎች ተመራጮች ወደ እሱ ጎረፉ። ሹመቱም በጀቱም ያለው እዚያ ነዋ! እንቢ ብለው የቀሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አብዲረዛቅ ሀጂ ሁሴን ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱን ሁሉ በቀመሩ ላይ መጫን ግን አይቻልም። ብዙ ፓርቲ ኖሮ መንግሥትን የሚቆጣጠር ፓርላማ ያላቸው አገሮች አሉ። የሶማሊያን የከፋ ያደረገው፣ ተቃዋሚ ሆኖ የተቀመጠ ተመራጭ ለመራጮቹ ይዞ የሚመለሰው ነገር አለመኖሩ ይመስለኛል። መራጩ ደግሞ ድምፁን ለማን እንደሰጠ ያውቃል፤ የመረጠው ሰው በማግስቱ የት እንደተገኘም ያያል። እንዲህ ያለውን ፓርላማ ማን ይቆምለታል?

ኦክቶበር 15 ቀን ፕሬዚዳንት ሸርማርኬ ላስ አኖድ ከተማ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፓርላማው ተተኪ ለመምረጥ ሲሰናዳ፣ ኦክቶበር 21 ቀን ጦሩ ሥልጣን ያዘ። መሪው ጄኔራል ሲያድ ባሬ ፓርላማውን በተኑ፣ ፓርቲዎችን አገዱ፣ ሕገ መንግሥቱንም አስቀሩት።