ደሴ ወይስ ሐይቅ? ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች

ዕድሜ ልኩን የቈጠበውን ገንዘብ ለቤት የሚያወጣ ቤተሰብ ከቤቱ ውበት አስቀድሞ ቤቱ የቆመበትን ስፍራ ሊመረምር ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል በወሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁትን ሐይቅንና ደሴን እንመልከት።

ሐይቅ ከተማ በውሃው አጠገብ ያለች፣ ከደሴ ይልቅ ሞቅ ያለች ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት የታወቀው የእስጢፋኖስ ገዳም በዚያው ይገኛል። ገዳሙ ቀድሞ በደሴት ላይ ነበረ፤ ውሃው ስለ ሸሸ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውምና ዝናም ሲበዛ ይሞላል፣ ሲያንስ ይጐድላል። የሸሸ ውሃ ሊመለስ ስለሚችል ከዳር ራቅ ብሎ መግዛት ይበጃል።

ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና ሰፊ ገበያ አላት። ነገር ግን ተዳፋቷን በክረምት የመሬት መንሸራተት ያገኘዋል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ግድግዳ ወይም ያዘመመ አጥር ያየ ገዢ ጎረቤቶቹን ሳይጠይቅ ቀብድ አይክፈል።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚገዛው ቤቱ ነው። እንግዲህ የይዞታው ካርታ ትክክለኛነት፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩ፣ ሻጮቹም ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምምነት ይረጋገጥ።

እኛ እንደሚመስለን፣ ልጆቹን የሚያስተምር ወይም ሐኪም የሚያዘወትር አረጋዊ ያለበት ቤተሰብ ደሴን፣ ልጆቹን አሳድጎ ጸጥታን የሚሻ ሐይቅን ቢመርጥ መልካም ነው። የትም ቢሆን ግን ቤቱን በዐለት ላይ የመሠረተውን ልባም ሰው እናስብ።