አይሱዙው እስኪሞላ

ጠጋ በሉማ። ይህን ጮክ ብዬ የማወራው አይደለም።

አጣና ተራ ተደርድሮ የቆመውን ባሕር ዛፍ አይታችኋል አይደል? ቀጥ ያለ፣ ልጡ የተላጠ፣ በየውፍረቱ የተለየ። ነጋዴው «የሱሉልታ ነው» ይላል፣ እናንተ ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ በቃ። እንዴት እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም። ብትጠይቁም አንነግራችሁም። እኔ ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝቼ፣ አስቆርጬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ዛሬ አፌን ልፈታው ነው።

ከጀግኖቻችን ልጀምር። ሞተር መጋዝ የያዘ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ? ምንም ሆኜ አላውቅም!» አትመኑት። ሱሪውን እዩት። ከግራ ጉልበቱ ከፍ ብሎ የተጣፈ ቀዳዳ ካለ፣ ወሬ አለ ማለት ነው። ለምን ግራ? ቀኝ እጅ ነዳጁን ይሰጣል፣ ግራ እጅ የፊቱን እጀታ ይይዛል፣ ግራ እግር ይቀድማል። ማሽኑ እንጨቱን ጨርሶ በድንገት ሲወርድ የሚያገኘው የቀደመውን ነው።

ለዚሁ የተሠራ ሱሪ ደግሞ አለ። ውስጡ ረጃጅም ክር ታጭቆበታል። ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተጎልጉሎ ይወጣና ጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። የእኛዎቹስ? ጂንስ። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። ሄልሜት የነበረው አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ቆሎ ይይዝበት ነበር።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፍ አለው። ከዚያ ጫፍ የላይኛው ክፍል ብቻ፣ እሱ እንጨት ከነካ ጉድ ፈላ። ጥርሱ ይነክስና መቁረጡን ትቶ ማሽኑን ራሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ያስወነጭፈዋል። ወዴት? ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት። ያውም በሰከንድ 20 ሜትር ያህል የሚሮጥ ሰንሰለት ይዞ። ሰው «ኧረ!» ለማለት እንኳ አይደርስም። ከፊት እጀታው ቀድሞ የቆመውን የፕላስቲክ ጋሻ አይታችሁታል? ብዙ ሰው እጅ እንዳይቧጠጥ የተደረገ ይመስለዋል። ፍሬን ነው! ማሽኑ ሲወነጨፍ ጋሻው ይገፋና ሰንሰለቱን ይይዘዋል። የስዊድኑ ሁስክቫርና በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ፊት እንደተረፈ አስቡት። እኛ ዘንድ ትንሽ ሲያስቸግር በጠመንጃ መፍቻ ተፈቶ ይጣላል። አሮጌ ማሽን ልትገዙ ብትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ያስጮህላችኋል። እናንተ ጋሻውን ፈልጉ።

አንዱን ማሽኑ እንዲህ ተወንጭፎ ኮፍያውን ነጠቀው። ራሱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ኮፍያውን ከመሬት አነሳና የተቀደደውን እያሳየ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀን ዋለ። ማታ ሻይ ሲጠጣ ግን ብርጭቆው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያወሩት ይቺን ይዘሏታል።

ገና ነው፣ አትቸኩሉ። ማሽኑን ስትፈሩ ዛፉን ረሳችሁት፤ የሚገድለው ደግሞ እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ስለሚተከል፣ የተቆረጠው መሬት ሳይደርስ ጎረቤቱ ላይ ይንጠለጠላል። እንግዲህ ያኔ አንድ ብልጥ አይጠፋም፦ «የያዘውን ቁረጠውና ይወርዳል!» ይወርዳል እንጂ። ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ብልጡም ከሥር ነው።

በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ የተወደደበት ምክንያትም ሌላ ጣጣ አለው። ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከጉቶ የበቀለ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ያዘነበለውን ከጀርባው ዝም ብለው ከቆረጡት፣ ሳይጨርሱት ቁመቱን ይሰነጠቅና የኋላው ግማሽ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ቆራጩ የቆመው የት ነበር? እዚያው ከኋላው።

የሚያውቅ ቆራጭ ሌላ ነው። መጀመሪያ በሚጥልበት በኩል የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል ገብቶ ሽብልቅ መሳይ ቁራጭ ያወጣል። ቀጥሎ ከጀርባ ይመጣል፤ ግን አይጨርሰውም። የውፍረቱን አንድ አስረኛ ያህል መሃል ላይ ይተወዋል። ያ የተረፈው እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየመራ ያስተኛዋል። ጎበዝ ነኝ ባዩ ሁሉንም ሲቆርጠው ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ ዛፉም አያውቅ።

ታዲያ ይህን የሚያውቀውስ ለምን ይጎዳል? አሃ! ክፍያው በአይሱዙ ነዋ። ሲሞላ ይከፈላል። አሥር ሰዓት ላይ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጭነቱ ሳይመሽ መውጣት አለበት። ሰንሰለቱ ደንዟል፤ ከሰጋቱራው ታውቁታላችሁ፣ ደቆ ደቆ ይወጣል። ሞረዱ ኪስ ውስጥ አለ። ማን ቆሞ ይሞርዳል? በክብደቱ ይጫነዋል። እንጨቱ ሲያልቅ ማሽኑም ሰውየውም አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኛ በቀር ማንም አያየውም። ቁስሉ ላይ ቡና ይነሰነስበታል፣ በሻሽ ይታሰራል። ለሰንሰለቱ ማለስለሻ የምናደርገው ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ስለሆነ እሱም ከሰጋቱራው ጋር ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። ጤና ጣቢያ ሲደረስ ደግሞ «መጥረቢያ ነው» ይባላል፤ ማሽኑ የኪራይ ነዋ፣ ባለቤቱ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። ነርሷ ግን ታውቃለች። መጥረቢያ ይሰነጥቃል፤ ሰንሰለት ሥጋ ይዞ ይሄዳል። ዝም ብላ ትጽፋለች፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌውን ትወጋለች።

ግቢያችሁ ያለውን ዛፍ የምታስቆርጡ ከሆነ አንድ ነገር ልስጣችሁ። ማሽኑን ሳያስነሳ ቀና ብሎ የደረቀ ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ የሚፈልገውን፣ ወደ ኋላ የሚሸሽበትን መንገድ በእግሩ የሚጠርገውን ቅጠሩት። ዋጋውን ደግሞ በቀን ተነጋገሩ። በቀን የሚከፈለው ሰው ሞረዱን ከኪሱ ያወጣል። እኔ? እኔማ በአይሱዙ ነው የምከፍለው፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነዋ።